ማዳበሪያው ማሳ ገብቶ ሥር ሳይገባ ሲቀር

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አገር ምድሩ የሚያወራው ስለ ማዳበሪያ ነው። መርከቡ ጅቡቲ ደረሰ? ዩኒየኑ ጋ ገባ? ኩንታሉ ስንት ሆነ? መጠየቁ ተገቢ ነው። ገበሬው በግ ሸጦ፣ ተበድሮ የሚገዛው ነገር ነው። አገሪቱም ባላት ጥቂት የውጭ ምንዛሪ የምታስገባው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ደግሞ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈረመ። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ አቅሙ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንደሚሆን ተነግሯል። ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ሁሉ መሃል ግን አንድ ጥያቄ ጎልቶ አይሰማም። ማሳ ላይ የተበተነው ማዳበሪያ እንዴት አድርጎ ነው ተክሉ ውስጥ የሚገባው? በየት በኩል? መግቢያው ቢታመምስ?

የትምህርት ቤት የባዮሎጂ ጥያቄ ይመስላል። በአዊ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በወለጋ፣ በሆሳዕና ዙሪያ፣ በጨንቻ ለሚያርስ ሰው ግን የኪስ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ የአፈር ባለሙያዎች ደጋግመው ይጠቅሳሉ። እንዲህ ያለ ማሳ ላይ ማዳበሪያው በወቅቱ ደርሶ፣ በልኩ ተበትኖ፣ ዝናቡም አምሮ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ሊቀር ይችላል። ገበሬው ዘሩን ይጠረጥራል። ማዳበሪያው የተበላሸ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ዓይን በማያየው ቦታ፣ ከመሬት በታች፣ በሥሩ ጫፍ ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት ተክል እንዴት እንደሚበላና እንደሚጠጣ ከመሠረቱ ማየት ይጠቅማል።

ክብደቱ ከየት መጣ?

አብዛኞቻችን ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል ብለን ነው የምናስበው። የጥንት ሊቃውንትም እንዲሁ ያስቡ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ብራስልስ አካባቢ የኖረ ያን ባፕቲስታ ቫን ሄልሞንት የሚባል ሐኪም ይህን በሚዛን ሊያረጋግጥ ተነሳ። 90 ኪሎ ገደማ የደረቀ አፈር መዝኖ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ጨመረ። ከ2 ኪሎ ትንሽ የምትበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ከዚያ ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ነቅሎ ሲመዝናት 77 ኪሎ ገደማ ሆናለች። አፈሩን አድርቆ መልሶ መዘነው። የጎደለው 57 ግራም ገደማ ብቻ ነበር።

ከ70 ኪሎ በላይ እንጨት ከየት መጣ? እሱ «ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። ውጤቱ እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። ከውሃ ማለቱ የእውነቱ አንድ ክፍል ነው። ሌላው ክፍል ያለው አየር ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅጠል ገጽ ላይ፣ በተለይ በሥረኛው በኩል፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ስቶማታ ይባላሉ። በእነዚህ ቀዳዳዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። ይህ ጋዝ ከአየሩ ውስጥ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ክሎሮፊል የፀሐይ ብርሃን ይቀበላል። በዚያ ኃይል ከሥር የመጣው ውሃ ይሰነጠቃል። ኦክስጅኑ ወደ ውጭ ይወጣል። እኛ የምንተነፍሰው እሱን ነው። የቀረው ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር ተዋህዶ ስኳር ይሆናል። የተክሉ ምግብ ይህ ስኳር ነው። ስታርቹም፣ እንጨቱም፣ ዘይቱም፣ የጤፉ ፍሬም መነሻው እሱ ነው።

ስለዚህ የደረቀ ገለባና ፍሬ 100 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ከ95 ኪሎ የማያንሰው ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው። ሁሉም ከአየርና ከውሃ የመጣ። ከአፈር የወጣው ከ5 ኪሎ ብዙም አይበልጥም።

ታዲያ ማዳበሪያ ለምን አስፈለገ? ያቺ 5 ኪሎ ከሌለች 95ቱ ስለማይሠራ ነው። ናይትሮጅን ከሌለ ፕሮቲን የለም፤ ክሎሮፊልም የለም። ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ የክሎሮፊል ሞለኪውል መሃል ላይ አንድ የማግኒዚየም አተም ተቀምጧል። ፎስፈረስ የተያዘውን የብርሃን ኃይል ከቦታ ወደ ቦታ የሚያመላልሱት ሞለኪውሎች አካል ነው። ስቶማታን የሚከፍተውና የሚዘጋው የፖታሲየም መግባትና መውጣት ነው። በጠቅላላው ተክል የግድ ከሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች 14ቱ በዋናነት ከአፈር ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ለሄክታር ጥቂት ግራም ቢሆኑ ይበቃሉ። ከጎደሉ ግን ምርቱን ይዘውት ይወድቃሉ።

እዚህ ላይ ስለ ጤፍ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ከስንዴና ከገብስ ይለያል። ቅጠላቸው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድሞ የሚያጠራቅም ተጨማሪ ሥርዓት አላቸው። ሙቀት ሲበረታ ስንዴ ከያዘው ካርቦን የተወሰነውን መልሶ ያባክናል። እነሱ ግን ብዙም አይነኩም። በተመሳሳይ ውሃም የበለጠ ስኳር ይሠራሉ። የአየር ጠባዩ በሚሞቅበት በዚህ ዘመን ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሥራቸው ከታመመ ግን ይህም ብልጫ አያድናቸውም።

ውሃው ማን ገፍቶት ይወጣል?

አንድ ዛፍ ፓምፕ የለውም። ልብ የለውም። ግን ከመሬት በታች ያለውን ውሃ እስከ ጫፉ ያደርሰዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ115 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ አለ። ውሃን በቱቦ ከላይ ሆኖ በመሳብ የሚገኘው ከፍታ ግን በአየር ግፊት የተወሰነ ነው፤ 10 ሜትር ገደማ ብቻ። ታዲያ የቀረውን መቶ ሜትር ማን ያወጣዋል?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1894 ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ የተባሉ የደብሊን ተመራማሪዎች አቀረቡት። ውሃው የሚጎተተው ከላይ ነው። ፀሐይ ቅጠሉን ስትመታው ውሃ በስቶማታ በኩል ይተናል። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። አንዱ ሲወጣ የሚቀጥለውን ይጎትታል። ያም ሌላውን። ጉተታው በግንዱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች በኩል እስከ ሥር ይወርዳል። እነዚህ ቱቦዎች ዛይለም ይባላሉ። ውሃው ተወጥሮ ነው የሚወጣው። ቱቦዎቹን የሠሩት ሴሎች ደግሞ የሞቱ ናቸው፤ ግድግዳቸው ብቻ ጠንክሮ ቀርቷል። ተክሉ ለዚህ ጉተታ የሚያወጣው ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ሥራውን የምትሠራው ፀሐይ ናት።

የሚገርመው ሥር ከሚወስደው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠል ተንኖ መውጣቱ ነው። ለስኳር መሥሪያ የሚውለው ጥቂት ነው። ብክነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ቀዳዳውን መክፈት አለበት። ቀዳዳው ሲከፈት ደግሞ ውሃ ይወጣል። ትነቱ ቅጠሉን ያቀዘቅዛል። ከአፈር የሟሙ ማዕድናትንም ይዞ ይወጣል። ድርቅ ሲመጣ ተክሉ ቀዳዳውን ይዘጋል። ውሃውን ያተርፋል፤ ምግብ መሥራቱን ግን ያቆማል። በድርቅ ዓመት ሰብሉ ሳይደርቅ በፊትም ፍሬ የማይሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥሩ ጫፍ ላይ ምን አለ?

አሁን ወደ ዋናው ቦታ ደረስን።

ከማሳ አንድ የገብስ ቡቃያ ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡ። አትንቀሉት፤ ሲነቀል ዋናው ነገር አፈር ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። አፈሩን ቀስ አድርጋችሁ በውሃ እጠቡት። ጤነኛ ከሆነ ሥሩ ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ነው። ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ አፈር እንደ ሙጫ የተጣበቀበት ክፍል ታያላችሁ። አፈሩን የያዙት ከሥሩ ቆዳ የወጡ ረቂቅ ፀጉሮች ናቸው። ውሃና ማዕድን በብዛት የሚገባው በዚህ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ያረጀ ሥር ከሞላ ጎደል መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ተክሉ በየቀኑ አዲስ ጫፍ፣ አዲስ ፀጉር ማብቀል አለበት።

ፀጉሩ የወሰደው ውሃ ወደ ዛይለም ከመድረሱ በፊት የሥሩን ውስጠኛ ክፍል የከበበ አንድ የሴሎች ቀለበት ያገኛል። በእነዚህ ሴሎች መካከል ውሃ የማያሳልፍ ማኅተም አለ። እንደ ኬላ ነው። ማንኛውም ነገር በሴሎቹ መሃል ሾልኮ ማለፍ አይችልም። የግድ በሕያው ሴል ውስጥ ተፈትሾ ማለፍ አለበት። ናይትሬት በራሱ በር ይገባል፤ ፎስፌት በራሱ፤ ፖታሲየምም በራሱ። ብዙዎቹ በሮች የሚከፈቱት በኃይል ነው። ኃይሉ የሚመጣው ሥሩ ስኳር አቃጥሎ ነው።

ሥር ግን ብርሃን አያይም። ስኳር መሥራት አይችልም። ታዲያ ከየት አመጣው?

ከቅጠል። ከላይ ወደ ታች ስኳር የሚያወርድ ሁለተኛ የቱቦ መስመር አለ። ፍሎየም ይባላል። እንደ ዛይለም የሞተ አይደለም፤ ሕያው ነው። ቅጠሉ ስኳሩን ኃይል አውጥቶ ቱቦው ውስጥ ይጭነዋል። ስኳር በበዛበት ቦታ ውሃ ይገባል። ውሃ ሲገባ ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱ ስኳሩን ወደሚፈለግበት ይነዳዋል፤ ወደ ሥር፣ ወደ ለጋ ቅጠል፣ ወደ ፍሬ። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1930 አጠናቅሮ ያቀረበው ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንክ ነው። ግፊቱ ስንት እንደሆነ ማየት ለሚፈልግ ክሽክሽን ይመልከት። ክሽክሽ መርፌ የመሰለ አፉን ፍሎየም ውስጥ ይሰካል። ከዚያ መምጠጥ እንኳ ብዙም አያስፈልገውም፤ ስኳሩ ራሱ ተገፍቶ ይገባለታል። የተረፈው በኋላው ወጥቶ ቅጠሉን ያጣብቀዋል። ተመራማሪዎች የክሽክሹን አካል ቆርጠው አፉን ብቻ ተሰክቶ ሲተዉት ፈሳሹ መንጠባጠቡን ይቀጥላል። የፍሎየምን ይዘት ካጠኑባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ ቅጠል ያለ ሥር አይሠራም። ሥርም ያለ ቅጠል አይሠራም። ሥሩ ማዕድን ልኮ ስኳር ይቀበላል፤ ቅጠሉ ስኳር ልኮ ማዕድን ይቀበላል። አሲዳማ አፈር የሚሰብረው ይህንን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። ማዕድናት ሁሉ እኩል አይንቀሳቀሱም። ናይትሬት ከውሃ ጋር አብሮ ይፈስሳል። ሥሩ ውሃ ሲስብ ይመጣለታል። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ታጥቦ ይሄዳል። ፎስፈረስ ግን ካረፈበት አይነቃነቅም ቢባል ይቀላል። በአንድ ወቅት ሚሊሜትሮችን እንኳ መጓዝ ይከብደዋል። ስለዚህ ፎስፈረስ ወደ ሥር አይመጣም። ሥሩ ነው ወደ ፎስፈረሱ መሄድ ያለበት። ሥር ካጠረ ፎስፈረስ የለም ማለት ነው፤ አፈሩ ውስጥ የቱንም ያህል ቢበተን።

አሉሚኒየሙ ሲለቀቅ

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው በፒኤች ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይበዛል። ከ6 ወደ 5 ሲወርድ አሲዱ በ10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። በዝናባማው ደጋ ውሃው በዘመናት ብዛት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል። ቦታቸውን አሲድ ይይዛል። እኛም እንጨምርበታለን። እህሉን ወደ ቤት፣ ገለባውን ለከብት፣ ኩበቱን ለማገዶ። ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። 10 ኩንታል የስንዴ ፍሬ ብቻውን 20 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። ገለባውና እበቱ ደግሞ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን።

ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ ከባዱ ነገር ይመጣል። አሉሚኒየም በሸክላማ አፈር ውስጥ ሁልጊዜም ሞልቷል፤ ግን ታስሮ ነው የሚኖረው። አሲዱ ሲበረታ ይፈታል፤ ይሟሟል። የሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይመታል። ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆነውን፣ ሥሩ የሚያድግባትን ጫፍ ነው የሚመታው። በሰዓታት ውስጥ እድገቷን ሊያቆማት ይችላል።

እንዲህ ካለ ማሳ የወጣውን ገብስ ስታጥቡት ሥሩ ሌላ ነው። አጭር ነው። ወፍራም ነው። ቡናማ ይሆናል። በጣት ሲነኩት ይሰበራል። ቅርንጫፉ ጥቂት፣ ፀጉሩም ከሞላ ጎደል የለም። ከላይ ያለው ቅጠል ደግሞ ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል፤ የፎስፈረስ እጥረት ምልክት ነው። ከእህሎች መካከል ገብስ ለዚህ ችግር እጅግ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው። ደጋው ደግሞ የገብስ አገር ነው።

በዚህ ላይ የሟሟው አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ይይዙታል። ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት) ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ማሳው ውስጥ አለ፤ ግን ታስሯል። ሥሩም አጭር ስለሆነ አይደርስበትም። ፎስፈረስ ሲጠፋ ቅጠሉ ኃይል ያንሰዋል። ስኳር መሥራቱም መጫኑም ይዳከማል። ወደ ሥር የሚወርደው ይቀንሳል። ሥሩ ጭራሽ ያጥራል። ዝናብ ትንሽ ዘግየት ካለ ያ አጭር ሥር ከላይኛው አፈር በታች ያለውን ውሃ አያገኝም። ጎረቤት ማሳ ሳይነካ የእሱ ይጠወልጋል። ባቄላና አተር ከሆነ የተዘራው ደግሞ፣ ሥራቸው ላይ እባጭ ሠርተው ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙላቸው ባክቴሪያዎችም በአሲድ ይጎዳሉ።

ገበሬው ይህን ሲያይ የሚያደርገው የሚገባ ነገር ነው። ማዳበሪያ ይጨምራል። ባለሙያውም ብዙ ጊዜ የሚመክረው እሱን ነው። እኔ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በብድር የተገዛ ኩንታል፣ ሊወስደው የማይችል ሥር ላይ ይበተናል።

ተክሎች ራሳቸው ለዚህ መላ ያበጁ አሉ። አንዳንድ የስንዴ፣ የማሽላና የገብስ ዝርያዎች ከሥራቸው ጫፍ ማሌት ወይም ሲትሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። እሱ አሉሚኒየሙን ይዞ መርዝነቱን ያጠፋዋል። የእነዚህን ዝርያዎች ባሕርይ በማዳቀል ማስፋፋት ይቻላል። ሻይ ደግሞ ከነጭራሹ አሲዳማ አፈር ወዳድ ነው፤ አሉሚኒየሙን ቅጠሉ ውስጥ ያከማቸዋል። የውሽውሽና የጉማሮ እርሻዎች በዝናባማው ደቡብ ምዕራብ መሆናቸው ይስማማዋል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ግብጦ ነው። ጎጃም ውስጥ ብዙ ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ሲወጣ ከአረቄ ጋር የሚቆረጠመው ግብጦ። ፎስፈረስ ሲያጥረው ሥሩ ላይ እንደ ጠርሙስ ብሩሽ የተጠቀጠቁ አጫጭር ሥሮች ያበቅላል። ከእነሱ ሲትሬት በብዛት ያፈስሳል። ሲትሬቱ በአሉሚኒየምና በብረት የታሰረውን ፎስፈረስ ያስፈታዋል። ይህ ባሕርይው በዓለም የተክል ተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው የተጠና ነው። እኛ ዘንድ የድሃ ማሳ እህል ተደርጎ ይታያል። ምንም ሳይጨመርበት ደካማ መሬት ላይ መብቀሉ ሙያው ስለሆነ ነው።

ገበሬውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በአዊ ብዙዎች ገብሱን ትተው ወደ እንግዶ (የአጃ ዓይነት እህል ነው) እና ድንች ዞረዋል፤ አሲዱን ይበልጥ ይችላሉ። በፋግታ ለኮማ ደግሞ እህሉን ከነጭራሹ ትተው ዲከረንስ ተከሉ። ከሰል አክስለው ሸጡ። ዲከረንስ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝ ዛፍ ነው፤ ገንዘብም አስገኘ። ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን በሽታ ገብቶበታል። መሬታቸውን ለአንድ ዛፍ የሰጡ ቤተሰቦች ተጎድተዋል። እህል ወደማያበቅለው አፈር ተመልሶ መምጣት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ዩሪያው ሲመጣ ኖራው የት ነው?

ስለ ጎዴው ፋብሪካ ስናወራ ማንሳት ያለብን ነገር አለ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ማሳ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። ከዚያ የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። በዚህ ቅየራ ጊዜ አሲድ ይለቀቃል። ሥሩ ናይትሬቱን ሙሉ በሙሉ ከወሰደው ተክሉ የአሲዱን አብዛኛውን ክፍል ያካክሰዋል። ካልወሰደው ናይትሬቱ በክረምት ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ሲወርድ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይሄዳል። አሲዱ ግን እዚያው ይቀራል።

የታመመ ሥር ያለበት ማሳ ላይ ዩሪያ ሲበዛ የሚሆነው እንግዲህ ይህ ነው። ሥሩ አይወስደውም፤ ናይትሬቱ ይታጠባል፤ አፈሩ ይበልጥ ይኮመጥጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሥሩ ይበልጥ ያጥራል። ፋብሪካው አይሠራ ማለቴ አይደለም። ይሠራ። አገር ውስጥ ማምረት የውጭ ምንዛሪውንም፣ የመርከብ መዘግየቱንም ያቃልላል። ግን ለምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም፣ ለአዊ፣ ለወለጋ የሚላክ ዩሪያ ከኖራ ጋር ካልተላከ፣ የሚጠበቅበትን ምርት አያመጣም። ጉዳቱም በየዓመቱ ይደራረባል።

ኖራ በሳይንሱ በኩል ቀላል ነገር ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አሲዱን ያመክነዋል። ፒኤቹ ከፍ ሲል አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይታሰራል። ካልሲየምም ይጨምራል። ታስሮ የነበረው ፎስፈረስ በከፊል ይለቀቃል። የሥሩ ጫፍ ማደግ ይጀምራል። በደንብ የተደረገ ኖራ ለበርካታ ዓመታት ያገለግላል። ድንጋዩ ደግሞ የእኛው ነው፤ በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ዶላር አይፈልግም።

አስቸጋሪው ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ኩንታል ይፈልጋል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ይህን በአህያ ማመላለስ የማይታሰብ ነው። የኖራው ዋጋ ትንሽ ሆኖ የማጓጓዣው ይበልጠዋል። ውጤቱም እንደ ዩሪያ በ2 ሳምንት ቅጠል አያጠቁርም። ገበሬው ገንዘቡን ዛሬ አውጥቶ ሙሉ ጥቅሙን በሚቀጥለው ዓመት የሚያይበት ነገር ነው። መሬቱን ተከራይቶ ወይም የእኩል ለሚያርስ ሰው ደግሞ ጨርሶ አያዋጣም። ኖራ ያደረገው እሱ፣ ጥቅሙን የሚያገኘው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የማጓጓዣውን ወጪ መንግሥት ቢሸፍን የሚል ሐሳብ ሲነሳ ድጎማ ነው ተብሎ የሚፈራ አለ። እኔ ግን ለማዳበሪያ የሚወጣውን ማዳን ነው ብዬ አምናለሁ። ሥሩ የማይወስደው ዩሪያ ራሱ ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው። መጠኑን የመቀነሻ መንገድም አለ። ኖራውን ሙሉ ማሳው ላይ ከመበተን ይልቅ ዘሩ በሚዘራበት መስመር ላይ በትንሽ መጠን ማድረግ አንዱ ነው። ሥሩ የሚጀምርበትን ቦታ ብቻ ያክማል። በየዓመቱ መደጋገም አለበት፤ ግን ለደሃ ገበሬ አቅም ይቀርባል። ብስባሽ ማዳበሪያም ይረዳል፤ አሉሚኒየሙን በከፊል ይይዘዋል። የምድጃ አመድ ጓሮ ላይ የሚበተነው እንዲያው አይደለም። አመድ አሲድን ያመክናል፤ የጓሮ ጎመን የሚያምረውም በከፊል በዚህ ነው።

ብቻ ሁሉም በምርመራ ይሁን። ኖራ በማያስፈልገው ማሳ ላይ ከበዛ ዚንክ፣ ብረትና ቦሮን ለሥሩ የማይገኙ ይሆናሉ። የመረሬው ጥቁር አፈር አብዛኛው ኖራ አይፈልግም። የእሱ ችግር ውሃ መቋጠሩ ነው። ውሃ በቋጠረ አፈር ውስጥ ሥሩ ኦክስጅን ያጣል፤ ስኳሩን አቃጥሎ በሮቹን የሚከፍትበት ኃይል ያንሰዋል። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልግ ስንዴ የምናየው ለዚህ ነው። ለእሱ መድኃኒቱ ውሃ ማንጣፈፍ ነው። ለሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት ኩንታል ማደል የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ኖራ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ማሳው ላይ ተበትኖ፣ በማረሻ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ጋር ተቀላቅሎ፣ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ያህል እርጥበት ማግኘት አለበት። ሰኔ ላይ ለሚዘራ ገብስ ኖራው ሚያዝያ ላይ ማሳው ዳር መራገፍ አለበት ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ድንጋዩ በበጋ መፈጨት፣ መኪናው መንገዱ ሳይበላሽ መጫን፣ የአፈር ናሙናው ደግሞ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መወሰድ ይኖርበታል። የማዳበሪያ ጥያቄ ከቀበሌ የሚሰበሰበው በዚያው ሰሞን ነው። የኖራውም እዚያው ቅጽ ላይ፣ ከዩሪያው አጠገብ፣ የማሳው ፒኤች ተጽፎ ሊሞላ ይችላል።